ሊጥ በኦቨን፣ በማይክሮዌቭ፣ በፍሪጅ፦ የሚባለውና እውነታው

ቤቱ ዳቦ መጋገር የጀመረ ሰው ትዕግሥቱ የሚያልቀው ሊጡ ኩፍ እስኪል ሲጠብቅ ነው። ብርድ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ያኔ ዓይኑ ወደ ኦቨኑ ይሄዳል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ግን በዚህ ጉዳይ ከሚሰጠው ምክር ብዙው ሊጥ ያበላሻል። ኦቨኑን የምንፈልገው ሊጡን እንዲያሞቅልን ሳይሆን ነፋስ በማይገባበት ለብ ያለ ቦታ እንዲያቆይልን ነው።

«ኦቨኑን ዝቅ አድርጎ አብርቶ ሊጡን መክተት ነው»

አይደለም። ብዙ ኦቨን ዝቅተኛው ሲባል እንኳ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጀምራል። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ከ24 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ደህና ይሠራል፣ 40ን ካለፈ ይደክማል፣ ወደ 60 ሲጠጋ ይሞታል። በዚያ ላይ ሙቀቱ ሊጡን እኩል አያገኘውም፤ ሳህኑን የነካው ዳር ዳሩ መብሰል ሲጀምር መሃሉ ገና እንደቀዘቀዘ ነው፣ ስለዚህ ስታወጡት ጠርዙ ላይ ሲሳብ የማይለጠጥ፣ ቁርጥ ቁርጥ የሚል ሊጥ ካገኛችሁ በእርሾው አታሳብቡ።

ኦቨኑን ጨርሶ ሳታበሩት መጠቀም ትችላላችሁ። ሰፋ ያለ ትሪ ላይ የፈላ ውሃ አድርጋችሁ ከታች አስቀምጡ፣ ሊጡን ከላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ በሩን ዝጉ። እንፋሎቱ ሊጡ እንዳይደርቅም ይረዳል። ውሃው ሲቀዘቅዝ ቀይሩት። በየአምስት ደቂቃው እየከፈታችሁ አትዩት ብቻ (እንደሚያጓጓ አውቃለሁ)።

«የኦቨኑ መብራት ይበቃል»

ይሄኛው እንደ አምፖሉ ነው። የድሮው ባለ ክር አምፖል ሙቀት ይሰጣል፤ በሩ ተዘግቶ ሲቆይ ውስጡን ለሊጥ የሚመች ያደርገዋል፣ አንዳንዱ ኦቨን ላይ እንዲያውም ከሚፈለገው በላይ። ኤልኢዲ ከሆነ ግን ብርሃን እንጂ ይህ ነው የሚባል ሙቀት የለውም። አንዱ «መብራቱን አብርቼ ቶሎ ደረሰልኝ» ሲል ሌላው ስንት ሰዓት ጠብቆ ምንም ቢያጣ፣ ሁለቱም አልዋሹም። መብራቱን አብርታችሁ ቴርሞሜትር ውስጡ አስቀምጡና ከአንድ ሰዓት በኋላ እዩት። ከ35 በላይ ካሳየ በሩን በማንኪያ ገርበብ አድርጉት።

«ማይክሮዌቭ እርሾ ይገድላል»

ከበራ፣ አዎ፣ ሊገድል ይችላል። አንዱን ቦታ አግሎ ሌላውን ስለሚተው በዝቅተኛ ኃይልም ቢሆን አልመክርም። ሳይበራ ግን ጥብቅ ብሎ የሚዘጋ ትንሽ ሣጥን ነው። አንድ ኩባያ ውሃ አፍሉበት፣ ኩባያውን ወደ ጥግ ገፋ አድርጉ፣ ሊጡን አስገቡና ዝጉ። ለትንሽ ሊጥ ከኦቨን ይሻላል ባይ ነኝ፤ ጠባብ ስለሆነ አንድ ኩባያ የፈላ ውሃ ያሞቀዋል። ማንም መጥቶ ቁልፉን እንዳይጫነው ግን ቤት ላለው ሰው ሁሉ ተናገሩ።

«ቶሎ ኩፍ ካለ ጥሩ ዳቦ ይወጣዋል»

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። እርሾ ስኳሩን ሲበላ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊጡን ይነፋዋል፤ ጣዕሙ ግን ከጋዙ እኩል አይፈጥንም። በሙቀት የተጣደፈ ሊጥ መጠኑ ያምራል፣ ዳቦውን ስትቀምሱት ግን ጣዕሙ ባዶ ነው። ካለፈበት ደግሞ አልኮል አልኮል ይሸታል፣ ሲጋገርም ይሟሽሻል።

ለዚህ ነው ፍሪጅንም ሊጥ ኩፍ ከሚያደርጉ ዕቃዎች የምቆጥረው። «ብርድ እርሾውን ይገድለዋል» ሲባል ትሰሙ ይሆናል። 4 ዲግሪ አካባቢ እርሾ ይዘገያል እንጂ አይሞትም። ማታ አቡክታችሁ ብታስገቡት መሃሉ እስኪቀዘቅዝ ሥራውን ይቀጥላል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ያድራል፣ ጠዋት አውጥታችሁ ቅርጽ ትሰጡታላችሁ፣ ቅዝቃዜው ለቆት እንደገና ኩፍ ሲል ትጋግሩታላችሁ። ዕቃው ግን ሰፊ ይሁን፤ ክዳኑን ገፍቶ የወጣ ሊጥ ከፍሪጅ መደርደሪያ ላይ መፋቅ ደስ አይልም።

«ኦቨኑ ዝግ ስለሆነ መሸፈን አያስፈልግም»

ያስፈልጋል። ካልተሸፈነ ላዩ ይደርቅና ሊጡ እንዳያድግ ይይዘዋል። እርጥብ ጨርቅ ወይም ዘይት የተቀባ ፕላስቲክ ይበቃል።

«አንድ ሰዓት ከተባለ አንድ ሰዓት ነው»

ያ ሰዓት የጻፈው ሰው ወጥ ቤት ሰዓት ነው። የእናንተ ሊጥ እጥፍ ሆኗል ወይ? ጣታችሁን ዱቄት አስነክታችሁ ጫን አድርጉት። ወዲያው ከተመለሰ ገና ነው። ጉድጓዱ እንዳለ ከቀረ ደርሷል። ዙሪያው ተንፍሶ ከወረደ አልፎበታል፤ ቢሆንም የመጀመሪያው ዙር ከሆነ አትድፉት፣ አስተንፍሳችሁ ቅርጽ ስጡትና እንደገና ኩፍ ይበል።

«ኩፍ ያለው ኦቨን ውስጥ ከሆነ እዚያው ማብራት ነው»

ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ጨርቁም ሊቃጠል ይችላል። ለመጋገር ኦቨኑ አስቀድሞ መጋል አለበት፤ ስለዚህ ሊጡ ሊደርስ 20 ወይም 30 ደቂቃ ሲቀረው አውጡት፣ እንደተሸፈነ ጠረጴዛ ላይ ይጨርስ፣ ኦቨኑን ያኔ አብሩት። የሚረሳ ሰው ቤት ካለ ደግሞ ሊጡን ስታስገቡ የኦቨኑ ማብሪያ ላይ «ሊጥ አለ» ብላችሁ ወረቀት ለጥፉበት።