«ጨጓራ ነው» የተባለው ሁሉ ጨጓራ አይደለም፦ ኤችአይቪ በደማቸው ላለ ሰዎች

በአገራችን ከእምብርት በላይ ለሚሰማ ሕመም ሁሉ ስሙ አንድ ነው፤ ጨጓራ። ደረት ሲያቃጥል፣ ምግብ አልወርድ ሲል፣ ሲያቅለሸልሽ ተልባ ይበጠበጣል፣ ከመድኃኒት ቤት የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ይገዛል። ኤችአይቪ በደሙ ላለ ሰው ይህ ልማድ ውድ ጊዜ ያባክናል።

«ስውጥ የሚያመኝ ጨጓራዬ ነው»

ምግብና ውኃ ሲወርድ ከደረት አጥንት ኋላ የሚወጋ ሕመም የሚጠቁመው የምግብ ቧንቧን ነው። የሲዲ ፎር ቁጥሩ፣ ማለትም በደሙ ያሉት በሽታ ተከላካይ ሴሎች ቁጥር፣ ከ200 በታች በወረደ ሰው ላይ ዋነኛው ምክንያት ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ሕመም ከኤችአይቪ አራተኛ ደረጃ፣ ማለትም ከመጨረሻውና ከከባዱ ደረጃ፣ በሽታዎች መድቦታል። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት እየወሰደ ላለ ሰው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያስነሳል፤ መድኃኒቱ እየሠራ ነው ወይ? በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን አብሮ መለካት አለበት።

«አፌ ውስጥ ነጭ ነገር ስለሌለ ፈንገስ አይሆንም»

ሊሆን ይችላል። አፍ ንጹሕ ሆኖ የምግብ ቧንቧው ብቻ የሚያዝበት ጊዜ አለ።

«ያለ ኢንዶስኮፒ ምንም አይታወቅም»

ብዙ ሕመምተኛ ለኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ለሚደረገው ምርመራ፣ የሚሆን ገንዘብ እስኪያገኝ ወይም ወደ ትልቅ ከተማ እስኪሄድ ድረስ ሳይበላ ይከርማል። ይህ በእጅጉ ያሳዝነኛል፤ ብዙ ጊዜ መጠበቁ አስፈላጊ አልነበረምና። የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ሲውጥ የሚያመው ከሆነ ሐኪሙ በቀጥታ ፍሉኮናዞል የተባለውን የፈንገስ መድኃኒት ሊያዝለት ይችላል። ሕክምናው ከ14 እስከ 21 ቀን ይወስዳል፤ ሕመሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ይቀልላል። መሻሉ ራሱ ምርመራ ነው። መድኃኒቱ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ስለሚጋጭና ለነፍሰ ጡር ስለሚያሰጋ በራስ ግምት ገዝቶ መዋጥ ግን አይገባም።

በሳምንት ውስጥ ካልተሻለ ኢንዶስኮፒው የግድ ነው። ደም ያስታወከ፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ወይም ምግብ ጨርሶ አልወርድ ያለው ሰው ደግሞ ሳምንቱንም መጠበቅ የለበትም።

«በኢንዶስኮፒ ከታየ በቃ»

ዓይን ብቻውን ያሳስታል፤ ከቁስለቱ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። ናሙናው የተነሣበት ቦታም ውጤቱን ይወስናል። ብዙውን ጊዜ ሲዲ ፎር ከ50 በታች ሲወርድ የሚመጣው ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ የሚገኘው ከቁስለቱ መሐል ሲሆን የሄርፒስ ቫይረስ ግን ከጠርዙ ነው። ስለዚህ ጥሩ ሐኪም ከሁለቱም ይወስዳል። ካፖሲ ሳርኮማ የተባለው ካንሰር ደግሞ ከላይኛው ሽፋን ሥር ስለሚደበቅ ናሙናው ሊስተው ይችላል።

«ሕመሜ ሁሉ ከቫይረሱ ነው»

ቫይረሱ በመድኃኒት ለተገታለትና የመከላከል አቅሙ ለተመለሰለት ሰው ምክንያቶቹ እንደማንኛውም ሰው ናቸው፦ ቃር፣ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ፣ ያለ በቂ ውኃ ተውጦ የምግብ ቧንቧን ያቆሰለ እንደ ዶክሲሳይክሊን ያለ ክኒን። ሄሊኮባክተርን በተመለከተ የደም ምርመራው የቀድሞውን ከአሁኑ አይለይም። የሰገራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ ይሻላል፤ ከዚያ በፊት ኦሜፕራዞልን ለ2 ሳምንት፣ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትን ለ4 ሳምንት ማቆም ያስፈልጋል። አለበለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል።

«የኢንዶስኮፒ መሣሪያው ቫይረሱን ያስተላልፋል»

ኤችአይቪ በፀረ ተሕዋስያን ኬሚካል በቀላሉ የሚሞት ቫይረስ ነው። መሣሪያው ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ በተመሳሳይ መንገድ ሊጸዳ ይገባል፤ ማን ቫይረሱ እንዳለበት ስለማይታወቅ ጥንቃቄው ለሁሉም አንድ ነው። በዚህ ሰበብ ሕመምተኛን መመለስ ወይም ተራውን ወደ መጨረሻ መግፋት ምንም ሳይንሳዊ መሠረት የለውም።

«የጨጓራ መድኃኒት ምን ይጎዳል?»

ማግኒዥየም ወይም አሉሚኒየም ያለበት የጨጓራ ሽሮፕ ዶሉቴግራቪር የተባለው የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል። ዶሉቴግራቪር ከሽሮፑ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ቆይቶ መወሰድ አለበት። ኦሜፕራዞል ዶሉቴግራቪርን አይነካውም፤ ሌላውን የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት አታዛናቪርን ግን ያዳክመዋል። ወደ ሐኪም ስትሄዱ ያለ ማዘዣ የገዛችሁትን ጨምሮ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።