የተመጣጠነ መኖ ምንድን ነው? የተደባለቀ ሁሉ የተመጣጠነ አይደለም

«የተመጣጠነ መኖ» የሚለው ስም ያልተለጠፈበት ጆንያ ጠፍቷል። በቆሎና ፉርሽካ አንድ ላይ ከተፈጨ የተመጣጠነ ነው፤ የምሳ ትራፊ ላይ ጎመን ከተከተፈበት የተመጣጠነ ነው። ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ ደግሞ መኖ ተወደደ ላሉ ዶሮ አርቢዎች እንዲህ ሲል መከረ፦ ከገዛችሁት የእንቁላል ጣይ መኖ ላይ ለሁለት እጅ አንድ እጅ ፉርሽካ ጨምሩ፣ ፕሮቲኑ ስለማይወርድ ሚዛኑ አይዛባም። ስለ ፕሮቲኑ ልክ ነው። የሚያናድደውም እሱ ነው፤ በአንድ እውነት ላይ ቆሞ ሌላውን ሁሉ ዘነጋው።

የተመጣጠነ መኖ ማለት አንዲት ዶሮ በዕድሜዋና በምትጥለው እንቁላል ልክ በቀን የሚያስፈልጋትን ጉልበት፣ ፕሮቲን፣ ማዕድንና ቫይታሚን፣ በቀን ልትበላው በምትችለው መኖ ውስጥ አሟልቶ የያዘ ነው። ለየትኛዋ ዶሮ? በቀን ስንት ግራም? በስንት ግራም መኖ ውስጥ? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ካልተመለሱ ቃሉ ትርጉም የለውም። «ብዙ ዓይነት» የሚል ነገር በትርጉሙ ውስጥ የለም። በሦስት ነገር የተመጣጠነ መኖ አለ፤ በአሥራ አንድ ነገር የተዛባም አለ።

ሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ሲሠራ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ድሩ ስምንት ክንድ ከሆነ፣ ማጉ ቤት ሙሉ ቢሆን እንኳ ጨርቁ ስምንት ክንድ ነው። ትርፍ ማግ ጋቢ አያስረዝምም። መኖም እንደዚሁ ነው። ምርቱን የሚወስነው ከሁሉ ያነሰው ንጥረ ነገር እንጂ የበዛው አይደለም። ፕሮቲን የሚባለው ራሱ አንድ ክር አይደለም። አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ብዙ ክሮች የተሠራ ነው። በቆሎ ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፤ የኑግ ፋጉሎም (ዘይቱ ተጨምቆ የቀረው) በላይሲን ደካማ ነው። ሁለቱን ደባልቆ «17 በመቶ ፕሮቲን አለው» ማለት ማጉን ቆጥሮ ድሩን መርሳት ነው። አኩሪ አተር ላይሲኑን ያመጣል፣ ሜታዮኒን በሚባለው ሌላ አሚኖ አሲድ ግን ያንሳል፤ በዚያ በኩል ፋጉሎው ይረዳዋል። (አኩሪ አተር ሳይቆላ ወይም ሳይቀቀል አይሰጥም። ጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለበት።)

ምሳሌው እስከዚህ ድረስ ይሠራል፤ ከዚህ በኋላ ግን ሸማኔውና ዶሮዋ ይለያያሉ። ሸማኔ የተረፈውን ማግ ለነገ ያስቀምጣል። ዶሮ ትርፍ ፕሮቲን የምታስቀምጥበት ሙዳይ የላትም፤ አቃጥላ ናይትሮጅኑን በኩሷ ታወጣዋለች። ጉዝጓዙ ሲረጥብና ቤቱ ሲገባ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ሲኖረው፣ ከሽታው ከፊሉ በብር ተገዝቶ ሳይሠራበት የወጣ ፕሮቲን ነው። ካልሲየም ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ክር ያለቀበት ሸማኔ የራሱን ጋቢ እየተረተረ ሥራውን ይጨርሳል? ዶሮ ታደርገዋለች። ከመኖው ካልሲየም ስታጣ ከአጥንቷ እየሳበች የእንቁላሉን ቅርፊት ትሠራለች።

አሁን ወደ ፉርሽካው ምክር እንመለስ። 50 ኪሎ የእንቁላል ጣይ መኖ 17 በመቶ ፕሮቲንና 3.8 በመቶ ካልሲየም አለው እንበል። 25 ኪሎ ፉርሽካ ጨመርንበት። ፉርሽካ ከ15 እስከ 16 በመቶ ፕሮቲን ስላለው የ75 ኪሎው ፕሮቲን ወደ 16.5 በመቶ ብቻ ይወርዳል። መካሪው ያየው ይህን ነው። የፉርሽካ ካልሲየም ግን 0.13 በመቶ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ የድብልቁ ካልሲየም ከ3.8 ወደ 2.6 በመቶ ወረደ። በቀን 115 ግራም የምትበላ ዶሮ በፊት 4.4 ግራም ካልሲየም ታገኝ ነበር፤ አሁን 3 ግራም። የሚያስፈልጋት 4 ግራም ገደማ ነው።

ለምን 4? የአንድ እንቁላል ቅርፊት በውስጡ 2.2 ግራም ያህል ካልሲየም አለው፣ ዶሮዋም ከምትበላው ካልሲየም ወደ ደሟ የሚገባው ግማሽ ወይም ትንሽ አለፍ ያለ ብቻ ነው። በዓመት 280 እንቁላል የምትጥል ዲቃላ ዶሮ ከ600 ግራም በላይ ካልሲየም በቅርፊት ታስወጣለች። አጽሟ ሁሉ ተሰብስቦ ያለው ካልሲየም 20 ግራም ገደማ ነው። ከአጥንት መበደር ለጥቂት ቀን ያዋጣል፣ ለወር አያዋጣም።

«ጉልበቱ ሲያንሳት ብዙ ትበላና ታካክሰዋለች» የሚል ክርክርም አለ። እውነት ነው፣ ትሞክራለች፤ ፉርሽካ ለዶሮ የሚሰጠው ጉልበት ከበቆሎ ግማሽ ገደማ ስለሆነ ይርባታል። ግን ፉርሽካ ቦታ ይይዛል፣ ሆዷ ቶሎ ይሞላል። እንደምንም 130 ግራም ብትበላ እንኳ 3.4 ግራም ካልሲየም ነው የሚደርሳት፤ ያኔ ደግሞ ተረፈ የተባለው ብር በበላችው ትርፍ ሄደ። በዚያ ላይ በፉርሽካ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ አብዛኛው ፋይቴት በሚባል መልክ የታሰረ ነው። ዶሮ በደንብ አትጠቀምበትም፣ ጭራሽ ካልሲየሙንም አብሮ ያስርባታል።

ካልሲየሙን ብቻ ለመመለስ በዚያ 75 ኪሎ ላይ 2.7 ኪሎ ያህል የተፈጨ የኖራ ድንጋይ መጨመር ይበቃል። ጉልበቱ፣ ሜታዮኒኑና ቫይታሚኑ ግን እንደቀጠኑ ይቀራሉ።

ሲዛባ የሚታየው ነገር ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ቅርፊቱ ይሳሳል፤ እንቁላሉ በመሰብሰቢያው ላይ ሲነካካ ይሰነጠቃል። ቀጥሎ ቅርፊት የሌለው፣ በስስ ሽፋን ብቻ የተያዘ እንቁላል ጠዋት ጠዋት ጉዝጓዙ ላይ ይገኛል። በመጨረሻ ዶሮዋ እግሯ አልታዘዝ ብሎ በጎኗ ትተኛለች። ብዙ ጊዜ በዚህ ደረጃ ላይ «ፈንግል ገባ» ይባላል። በእርግጥ ፈንግልም ሆነ ሌላ የመተንፈሻ በሽታ ቅርፊት ያበላሻል፤ ማስነጠስ፣ ማንኮራፋት፣ አረንጓዴ ኩስ ወይም በአንድ ሳምንት ብዙ ሞት ካለ መኖውን ትቶ የእንስሳት ሐኪም መጥራት ይቀድማል። ከ70 ሳምንት ያለፈች ዶሮም ቅርፊቷ መሳሳቱ አይቀርም፤ እንቁላሏ ትልቅ ይሆናል፣ ቅርፊቱ ግን አብሮ አይጨምርም።

እዚህ ወሎ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ በመኪና ከአንድ ሰዓት ባነሰ መንገድ ወርዳ 1,850 ሜትር ላይ። ቆቦ ከዚያም ዝቅ ይላል። ብርድ ላይ ያለች ዶሮ ሙቀት ለማመንጨት ብዙ ትበላለች፣ ቆላ ያለችው ትቀንሳለች። ካልሲየሙ 3.5 በመቶ የሆነውን መኖ ደሴ ላይ 125 ግራም የበላች 4.4 ግራም አገኘች፤ ያንኑ መኖ ቆቦ በጋ ላይ 95 ግራም የበላች 3.3 ግራም ብቻ። መኖው ያው ነው፤ ለአንዷ የተመጣጠነ ነው፣ ለሌላዋ አይደለም። ለዚህ ነው «የምትጠቀሙበትን ቀመር ላኩልኝ» ለሚል ሰው ከቀመሩ በፊት «ዶሮዎችህ በቀን ስንት ግራም ይበላሉ?» የሚባለው። መልሱ የሚገኘው ጠዋት የቀረበውን መዝኖ፣ ማታ የተረፈውን ቀንሶ፣ ለዶሮው ቁጥር በማካፈል ነው። ቆላ ላይ መኖ በጠዋቱ ቅዝቃዜና ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ማቅረብ ይሻላል። በሙቀት አፏን ከፍታ የምታለከልክ ዶሮ ካልሲየም ቢሟላላት እንኳ ቅርፊቷ ይሳሳል፤ በትንፋሽ የምታወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለቅርፊቱ መሥሪያ ከሚያስፈልጋት ነገር አንዱ ነው። ቀዝቃዛ ውኃና ጥላ ያኔ ከመኖ እኩል ይቆጠራሉ።

ከቆቦና ከቃሉ ወረዳ የሚመጣ ማሽላ የሚጠቀሙ አሉ። ነጩ ማሽላ በቆሎን በደንብ ይተካል። ጠቆር ያለው ቀይ ማሽላ ግን ብዙ ጊዜ ታኒን ይበዛበታል፣ ፕሮቲን ያስራል። በነጭ ማሽላ የእንቁላሉ አስኳል ይገረጣል፤ ደንበኛ ያጉረመርማል። ያ የምግብ ጉድለት አይደለም፣ ቀለም ነው። ትንሽ አልፋልፋ ወይም ጎመን ይመልሰዋል።

አሁን ስለ ኖራ። «ካልሲየም ስጡ» ሲባል የግድግዳ ኖራ የሚበትን ሰው አለ። ይህ አደጋ ነው። የሚፈለገው የኖራ ድንጋይ ነው፤ ሳይቃጠል የተፈጨ፣ ካልሲየሙ ከ36 እስከ 38 በመቶ የሆነ። የግድግዳ ኖራ የተቃጠለና የሚፋጅ ነው፤ አፍና ጉሮሮ ያቆስላል። ቦሌም ካልሲየም አይደለም፤ ለከብት የሚላስ ጨዋማ አፈር ነው፣ ለዶሮ ቢበዛ ኩሷን ያቀጥናል። ጨው ራሱ በ100 ኪሎ መኖ ከ300 እስከ 350 ግራም ይበቃል።

በኖራ ድንጋይ ስም አሸዋ የተሸጠላችሁ ከመሰላችሁ፣ አንድ ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ አድርጋችሁ ሎሚ ጭመቁበት ወይም አቼቶ አፍሱበት። የኖራ ድንጋይ ወዲያው ይፈላል፣ አረፋው ይነሳል፣ እየቆየ ይሟሟል። አሸዋ ዝም ብሎ ታች ይቀመጣል።

የኖራ ድንጋዩ ጠጠር መጠንም ያው ጉዳይ ነው። ቅርፊት ለመሥራት 20 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ አብዛኛውም ሌሊት ዶሮዋ ሳትበላ የሚካሄድ ነው። ዱቄት የሆነው የኖራ ድንጋይ ማታ ከመድረሱ በፊት ከሆዷ ያልፋል። የማሽላ ፍሬ የሚያህለው፣ ማለትም ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ያለው፣ መፍጫ ጨጓራዋ ውስጥ ቆይቶ ሌሊቱን ቀስ እያለ ይሟሟል። ስለዚህ ሁለት እጁ ጠጠር፣ አንድ እጁ ዱቄት ቢሆን ጥሩ ነው፤ በጠቅላላው በ100 ኪሎ መኖ ከ8 እስከ 9 ኪሎ። የእንቁላል ቅርፊትም ይሆናል፣ ግን ተቀቅሎ፣ ደርቆ፣ ቅርጹ እስኪጠፋ መደቀቅ አለበት። ቅርጹን ያወቀች ዶሮ የራሷን እንቁላል መብላት ትማራለች።

«የአያቶቻችን ዶሮ ጥሬ ብቻ እየለቀመች ትኖር ነበር» ለሚለው፦ የሀበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ትንንሽ እንቁላል ነው የምትጥለው፣ ውጭ ስትጭርም ትሉን፣ ቅጠሉን፣ ጠጠሩን ራሷ ትመርጣለች። በዚያ ላይ ፀሐይ ታገኛለች፤ ካልሲየም ወደ ደም የሚገባው በቫይታሚን ዲ ነው። ቤት ተዘግቶባት 280 ከሚጠበቅባት ጋር ምን አገናኛት? ቤት የሚውሉት ይህን ቫይታሚን መኖው ውስጥ ከሚገባው የቫይታሚንና የማዕድን ቅይጥ (ፕሪሚክስ) ነው የሚያገኙት፣ ፉርሽካ የሚያቀጥነውም እሱን ነው።

የመጨረሻው ስህተት ከዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። ካልሲየም ጥሩ ነው ተብሎ የ10 ሳምንት ዕድሜ ላላት፣ ገና መጣል ላልጀመረች ቄብ የእንቁላል ጣይ መኖ ይሰጣል። ለቄብ 1 በመቶ ካልሲየም ይበቃል፤ የተረፈው በኩላሊቷ ማለፍ ስላለበት ኩላሊቷን ያበላሻል፣ ጉዳቱም የሚታየው ከወራት በኋላ፣ መጣል ጀምራ ያለ ምክንያት ስትሞት ነው። ከ16 ሳምንት ገደማ ጀምሮ ለሁለት ሳምንት ከ2 እስከ 2.5 በመቶ ይደረጋል፤ እንቁላል ሲታይ ወደ ሙሉው ይገባል። ቄብና ጣይ አንድ ቤት ካሉ መኖው የቄብ ይሁን፣ የኖራ ድንጋዩ ጠጠር ደግሞ በሌላ ዕቃ ለብቻው ይቅረብ። የምትጥለዋ ከሰዓት በኋላ ራሷ ሄዳ ትለቅማለች፣ ቄቧ ብዙም አትነካውም።