ኢንፍራሬድ ማሞቂያ ምንድን ነው? ለበረንዳስ የትኛው ይሻላል?

ብርድ ባለበት ግን ፀሐይ በወጣችበት ጠዋት ደጅ ቁሙ። ፀሐይዋ ያረፈችበት ፊታችሁ ይሞቃል። ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብላችሁ ጥላ ውስጥ ስትገቡ ወዲያው ይበርዳችኋል። በሁለቱ ቦታዎች መካከል የአየሩ ሙቀት ይህን ያህል ልዩነት የለውም። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ ጨረሩ ተቋርጧል።

ኢንፍራሬድ ማሞቂያ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። አየሩን ለማሞቅ አይደክምም። ጨረር ይለቃል፤ ጨረሩ ልብሳችሁ፣ ቆዳችሁ፣ ወንበሩና ወለሉ ላይ ሲያርፍ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ለበረንዳ፣ ለግቢ ወይም ለሰገነት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የሚፈልግ ሰው ከዋጋም ከቅርጽም በፊት ይህን ልዩነት ቢይዝ ብዙ ገንዘብ ይተርፈዋል።

ለቤት ውስጥ የተሠሩት ማሞቂያዎች፣ ማለትም በፋን ሞቃት አየር የሚነፉትና ዘይት ያለባቸው ራዲያተሮች፣ ዋና ሥራቸው አየር ማሞቅ ነው። ክፍል ውስጥ ይህ ጥሩ ዘዴ ነው። ግድግዳና ጣሪያ ስላለ የሞቀው አየር እዚያው ይቆያል። ደጅ ግን የሞቀ አየር ይቀላል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ይተካዋል። ነፋስ ሲጨመርማ ጭራሽ አይሆንም። በሰከንድ 1 ሜትር ብቻ የሚጓዝ፣ ሽው ብሎ የሚያልፍ ነፋስ 4 ሜትር ስፋት ያለውን በረንዳ አየር በ4 ሰከንድ ጠርጎ ይወስደዋል። ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ ቢሠራ የሚያሞቀው መንደሩን ነው።

ይህ ጨረር መኖሩ የታወቀው በ1800 እ.ኤ.አ. ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዊልያም ኸርሸል የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ከፋፍሎ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር አስቀመጠ። ወደ ቀዩ ሲጠጋ ሙቀቱ ጨመረ። ከቀዩ አልፎ፣ ዓይን ምንም በማያይበት ቦታ ያስቀመጠው ቴርሞሜትር ደግሞ ከሁሉም በላይ ወጣ። ዛሬ ታህተ ቀይ ወይም ኢንፍራሬድ የምንለው እሱን ነው።

ሱቅ ስትገቡ ግን "ኢንፍራሬድ" የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ብዙም አይነግራችሁም። ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉምና። ልዩነቱን የሚያመጣው ውስጥ ያለው ማሞቂያ ክር ወይም ሰሌዳ የሚደርስበት የሙቀት መጠን ነው። አንድ ነገር በጋለ ቁጥር የሚለቀው ጨረር ሞገዱ እያጠረ፣ ኃይሉም በጣም እየጨመረ ይሄዳል። በዚህ መሠረት ገበያ ላይ ያሉት በሦስት ይከፈላሉ።

አጭር ሞገድ የሚባሉት በኳርትዝ መስታወት ቱቦ ውስጥ የተንግስተን ክር ያለባቸው ሃሎጅኖች ናቸው። ክሩ ከ2000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ የሚለቀው ጨረር ትልቁ ድርሻ የሞገድ ርዝመቱ 1.2 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው (ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው)። ማብሪያውን ስትጫኑ በሰከንዶች ውስጥ ሙሉ ሙቀት ይሰጣሉ። ክሩ የታሸገ ቱቦ ውስጥ ስለሆነ ነፋስ በቀላሉ አያቀዘቅዘውም። ክፋታቸው ብርሃናቸው ነው። ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ብርሃን በረንዳውን ያጥለቀልቀዋል፣ ፊት ለፊታችሁ የተቀመጠው ሰው መልኩ ይለወጣል። ይህን ለመቀነስ ቱቦው ቀይ ወይም ወርቃማ ቅብ የተቀባባቸው ሞዴሎች አሉ። ብርሃኑን ጨርሰው አያጠፉትም፤ ግን ልዩነቱ በግልጽ ይታያል።

መካከለኛ ሞገድ የሚባሉት ብዙውን ጊዜ የካርቦን ክር ያላቸው ናቸው። እነዚህ እስከ 1200 ዲግሪ አካባቢ ይግላሉ፤ የጨረራቸው ጉልበት 2 ማይክሮሜትር ላይ ይወድቃል። ብርሃናቸው ከሃሎጅን የለዘበ ነው። እነሱም ቶሎ ይሞቃሉ፣ ሙቀታቸውም ለቆዳ ለስለስ ይላል።

ረጅም ሞገድ የሚባሉት ሴራሚክ ወይም ብረት ሰሌዳ ያላቸው፣ ብዙዎቹ ጥቁር ሆነው ጣሪያ ላይ ተለጥፈው የሚውሉ ናቸው። ሙቀታቸው ጥቂት መቶ ዲግሪ ነው። ጨርሶ ብርሃን የላቸውም፤ አምሽቶ ለመጫወት ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ግን እስኪሞቁ 10 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃሉ። ሰሌዳው ራሱ ለአየር የተጋለጠ ስለሆነም ነፋስ ሲነካው ሙቀቱን ይሰርቀዋል። ያኔ ከከፈላችሁበት ኤሌክትሪክ ውስጥ ቀላል የማይባል ክፍል ወደ ጨረርነት ሳይደርስ ከአየር ጋር ይሄዳል።

እንግዲህ ምርጫው የሚጀምረው ከማሞቂያው ሳይሆን ከቦታው ነው። በረንዳችሁ ጣሪያ ኖሮት ሁለት ወይም ሦስት ጎኑ ከተከለለ፣ እናንተም ሰዓታት የምትቀመጡ ከሆነ፣ ጥቁሩ ሰሌዳ ይመከራል። ቀድማችሁ አብሩት፣ ከዚያ መኖሩንም ትረሱታላችሁ። ቦታው ክፍት ከሆነና ነፋስ የሚያገኘው ከሆነ ግን ሃሎጅን ወይም ካርቦን ውሰዱ። ብርሃኑ ቢያሰለችም ሙቀቱ ይደርሳችኋል። ሰው ወጣ ገባ የሚልበት ቦታም እንዲሁ ነው፤ ለ10 ደቂቃ ሻይ ብላችሁ ወጥታችሁ ማሞቂያው ሲሞቅ እናንተ ወደ ቤት እየገባችሁ ከሆነ ምን ዋጋ አለው?

እኔን ብትጠይቁኝ ነፋሱ በጣም በሚያስቸግርበት ቦታ ላይ የመጀመሪያውን ገንዘብ ለማሞቂያ አላወጣም። መጋረጃ፣ መስታወት ወይም ጥቅጥቅ ያለ አጥር ላይ አውለዋለሁ። ነፋስ ጨረሩን አይወስደውም፤ ጨረሩ ያሞቀውን ልብስና ቆዳ ግን ያቀዘቅዘዋል። ነፋሱ ሲከለል ሁለተኛ ማሞቂያ የመግዛት ሐሳቡም ሊቀር ይችላል።

ስለ ቁጠባ የሚነገረውን በጥንቃቄ ስሙ። የትኛውም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከሶኬት የወሰደውን ኃይል ከሞላ ጎደል ሁሉንም ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። 2000 ዋት ማለት 2000 ዋት ነው፤ በቅርጽ ወይም በቀለም የሚጨመር ሙቀት የለም። ልዩነቱ ያ ሙቀት የት ይደርሳል የሚለው ነው። ወጪውን ለማወቅ ሒሳቡ ቀላል ነው። 2 ኪሎዋት ማሞቂያ 3 ሰዓት ቢበራ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ ይህን የመብራት ሒሳባችሁ ላይ ባለው ታሪፍ አባዙት።

ስንት ዋት ያስፈልጋል ለሚለው፣ ካታሎግ ላይ ከተጻፈው የካሬ ሜትር ቁጥር ይልቅ ራሳችሁ አካፍላችሁ እዩ። እኩለ ቀን ላይ ጥርት ባለ ሰማይ ፀሐይ ለአንድ ካሬ ሜትር 1000 ዋት አካባቢ ታደርሳለች። አሁን 2000 ዋት ማሞቂያ "20 ካሬ ሜትር ይሸፍናል" ተብሎ ቢጻፍ፣ አንዲት ዋት እንኳ ሳትባክን ሁሉም መሬት ቢደርስ ለካሬ ሜትር 100 ዋት ብቻ ነው። የፀሐይዋ አንድ አሥረኛ ማለት ነው። ለብ ያለ ነገር ይሰማችሁ ይሆናል፣ ከዚያ አያልፍም። ያው ማሞቂያ አንዲት ጠረጴዛንና ዙሪያዋን፣ 4 ካሬ ሜትር የሚሆን ቦታ ላይ ቢያተኩር ግን 500 ዋት ይደርሳል። ስለዚህ በረንዳውን ሁሉ ለማሞቅ አትሞክሩ። ሰው የሚቀመጥበትን ምረጡና እሱን አሙቁ።

አሰቃቀሉ ላይ ብዙ ሰው አይጨነቅም፣ ጥሩ ማሞቂያ ተገዝቶ ዋጋ የሚያጣው ግን እዚህ ነው። ጨረር ከምንጩ በራቀ ቁጥር ይበተናል። ማሞቂያው ትንሽ ከሆነ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሳችሁ ሙቀት ወደ ሩብ ይወርዳል። የተቀመጠ ሰው ጭንቅላት ከወለሉ 1.3 ሜትር አካባቢ ነው። ማሞቂያውን 2.3 ሜትር ላይ ብትሰቅሉት ከጭንቅላቱ 1 ሜትር ይርቃል። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው ብላችሁ 3.3 ሜትር ላይ ብትሰቅሉት 2 ሜትር ይሆናል፤ ሙቀቱም በጣም ይቀንሳል። በጣም ማቅረብም ጥሩ አይደለም፤ አናት ይለበልባል። አምራቹ መመሪያው ላይ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ከፍታና ከጣሪያው የሚተወው ክፍተት አለ፣ እሱን አክብሩ።

አንድ ሌላ ነገር። ልክ ከጠረጴዛው በላይ የተሰቀለ ማሞቂያ አናትና ትከሻን ያሞቃል፣ ጉልበትና እግርን ግን ጠረጴዛው ይጋርድባቸዋል። ከላይ እየተቃጠለ ከታች የሚንቀጠቀጥ እንግዳ የሚገጥማችሁ በዚህ ምክንያት ነው። ከጎን ዘንበል አድርጋችሁ ስቀሉት። የሚቻል ከሆነ ደግሞ አንድ ባለ 3000 ዋት ከምትገዙ ሁለት ባለ 1500 ዋት በሁለት ተቃራኒ ጎኖች ይሁኑ። ሰውነት ከሁለት በኩል ሲሞቅ ምቾቱ ሌላ ነው፤ ጀርባዬን በረደኝ የሚልም አይኖርም። በእግሩ የሚቆመውን ዓይነት የመረጠ ሰው ደግሞ ሲወድቅ ራሱን የሚያጠፋ መሆኑን ያረጋግጥ። ልጆችና ውሻ ባሉበት ግቢ ግን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን እመርጣለሁ።

አሁን ማሞቂያውን አገላብጣችሁ ከጀርባው የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት ወይም ሳህን አንብቡ። ቮልቱ፣ ዋቱና "አይፒ" (IP) የሚል ምልክት ከሁለት ቁጥሮች ጋር አለ። ከሁለቱ ቁጥሮች የመጀመሪያው አቧራና ጠጣር ነገር ምን ያህል እንደማያስገባ፣ ሁለተኛው ውኃ ምን ያህል እንደሚቋቋም ይናገራሉ። 44 ከሆነ ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭ ውኃ አይጎዳውም፤ ጣሪያ ላለው በረንዳ ይበቃል። 65 ከሆነ አቧራ አይገባውም፣ በቱቦ የሚለቀቅ ውኃም ይችላል፤ ዝናብ በቀጥታ ለሚያገኘው ቦታ 55 ወይም 65 ፈልጉ። በመጀመሪያው ቁጥር ቦታ ኤክስ (X) ካያችሁ፣ ለአቧራው ደረጃ አልተሰጠም ማለት ነው። ይህ ምልክት ጨርሶ የሌለው ወይም 20 የሚል ከሆነ የቤት ውስጥ ዕቃ ነው። ዝናብ የለም ብላችሁ ደጅ አታውጡት፤ ጤዛም ውኃ ነው።

ከዚያ መስመሩን አስቡ። በ230 ቮልት 2000 ዋት ማለት 8.7 አምፔር፣ 3000 ዋት ደግሞ 13 አምፔር ነው። በ120 ቮልት ከሆነ 1500 ዋቱ ብቻ 12.5 አምፔር ይስባል። ያውም ለሰዓታት ሳያቋርጥ። በቀጭን ኤክስቴንሽን ወይም ሌሎች ዕቃዎች በተሰኩበት ማከፋፈያ ይህን ማሳለፍ እሳት መጥራት ነው። ሽቦው ሲነካ ሞቅ ካለ አጥፉት። በቋሚነት የሚሰቀል ከሆነ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ለብቻው መስመር ይዘርጋለት፤ መስመሩም ከብሬከሩ በተጨማሪ በ30 ሚሊአምፔር የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ራሱን የሚቆርጥ መከላከያ ይኑረው። እርጥበትና ኤሌክትሪክ በአንድ ላይ ባሉበት ቦታ ሰው የሚያተርፈው ይህ ነው። ሃሎጅን ሲበራ ቀዝቃዛው ክር ለቅጽበት ከወትሮው እጅግ የበዛ ከረንት እንደሚስብም ለባለሙያው ንገሩት። ማሞቂያው ገና ሲበራ ብሬከሩ የሚወርድባቸው ቤቶች ችግራቸው አንዳንዴ ይሄ ነው። ቀስ ብሎ የሚያስነሳ መቆጣጠሪያ ያለው ሞዴል ይገላግላል።

ከፊቱ መጋረጃ፣ ጃንጥላ ወይም የሸራ ጥላ እንዳይኖር። ሕፃናት፣ እንዲሁም በሕመም ምክንያት ቆዳቸው ሙቀትን በደንብ የማይለይ ሰዎች በጣም ቀርበው ብዙ እንዳይቆዩ፤ ቆዳ ሲቃጠል ሳያውቁት ሊያልፍ ይችላል። ከጋዝ ማሞቂያ ጋር ሲነጻጸር ግን የኤሌክትሪኩ ትልቅ ጥቅም አለው። የሚያቃጥለው ነገር ስለሌለ ካርቦን ሞኖክሳይድ አያወጣም። ጎኑ በመጋረጃ በተዘጋ በረንዳ ውስጥ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሃሎጅን ከገዛችሁ ቱቦውን በባዶ እጅ አትንኩት። ከጣት የሚቀረው ቅባትና ጨው መስታወቱ ሲግል ቦታውን ያዳክመዋል። ድንገት ከተነካ ቀዝቅዞ እያለ በአልኮል በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። ቱቦው ዕድሜ ልክ አይኖርም፤ ብዙ አምራቾች በሺዎች የሚቆጠር ሰዓት ይሰጡታል፣ ከዚያ ይቀየራል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን መለዋወጫ ቱቦው ለብቻው ይገኝ እንደሆነ፣ ማንኛውም ሰው በፕንሳና ካቻቢቴ ሊቀይረው ይችል እንደሆነ ጠይቁት። አይገኝም ካላችሁ ሌላ ሞዴል እዩ።