የቤት እንስሳት ድንገተኛ ሕመም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ውስጥ አንድ ውሻ ወይም ድመት በድንገት ሲታመም ከጎረቤት የሚመጣው ምክር በአብዛኛው «ይህን አጠጡት» ወይም «ይህን ቀቡት» የሚል ነው። ምክሩ ከቅን ልቦና ቢመነጭም፣ በእኔ ግምት በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እንስሳውን የሚጎዳው ሳይሰጠው ከቀረው ይልቅ የተሰጠው ነገር ነው።

«የተመረዘ ውሻ ወተት ከጠጣ ይድናል።»

ከሁሉም በላይ ሥር የሰደደው አመለካከት ይህ ነው። ወተት መርዝን አያከሽፍም። እየተንቀጠቀጠ ወይም ራሱን እየሳተ ያለ ውሻ በአግባቡ መዋጥ ስለማይችል፣ መንጋጋውን ፈልቅቀው የሚያንቆረቁሩለት ወተት፣ ዘይት ወይም እንቁላል ወደ ሳንባው ሊገባና በመርዙ ላይ ሌላ ሕመም ሊጨምርበት ይችላል። በጨው ውኃ ማስመለስም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ ብዙ ጨው ራሱ ውሻን ይመርዛል።

ከዚህም በላይ መርዝ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ዚንክ ፎስፋይድ የተባለው ጥቁር ግራጫ የአይጥ መርዝ ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል መርዛማ ጋዝ ስለሚፈጥር፣ ውሻው ያስመለሰበትን ክፍል በርና መስኮት መክፈትና ትውከቱን ተጠግቶ አለማሽተት ለቤተሰቡም ደኅንነት ያስፈልጋል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሌላው የአይጥ መርዝ ደግሞ ምልክቱን የሚያሳየው በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ቀናት ቆይቶ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ውሻው እየበላና እየተጫወተ ስለሚታይ «ተረፈ» ተብሎ ይተዋል፤ የዚህ መርዝ ማርከሻ የሆነው ቫይታሚን ኬ1 በተሻለ ሁኔታ የሚረዳው ግን ደም መፍሰስ ሳይጀምር ነው። ለቁንጫና ለትኋን የሚረጨው ማላታይን በበኩሉ ለሃጭ ያዝረበርባል፣ የዓይን ብሌን ያጠባል፣ ጡንቻን ያንቀጠቅጣል፤ ሐኪሙ ለዚህ የሚሰጠው መድኃኒት አትሮፒን ነው። ሕክምናው እንደ መርዙ ስለሚለያይ የመርዙን ማሸጊያ፣ ወይም ቢያንስ ቁራጩን፣ ይዞ መሄድ ከማንኛውም የቤት ውስጥ መላ ይልቃል።

«ቡና ምን ያደርገዋል?»

ቡና በየግቢው በሚሰጣበትና በየቀኑ በሚቆላበት ከተማ ይህ ጥያቄ ቢነሳ አይገርምም። ሆኖም 10 ግራም የተቆላ ቡና ከ100 ሚሊ ግራም በላይ ካፌይን ይይዛል። ይህን ያህል ቡና የበላ 5 ኪሎ የሚመዝን ቡችላ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ20 ሚሊ ግራም በላይ ወሰደ ማለት ሲሆን፣ መቁነጥነጥ፣ ማስመለስና የልብ ምት መፍጠን የሚጀምሩት በዚህ መጠን አካባቢ ነው። መጠኑ ሲጨምር መንቀጥቀጥና ሞት ሊከተል ይችላል።

ቡና ዱቄት ቁስል ላይ መነስነስም ሌላው ልማድ ነው። ዱቄቱ ቁስሉን ያቆሽሻል፤ ሐኪሙም የቁስሉን ጥልቀት እንዳያይ ያደርጋል። የሚደማን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ጨርቁን ሳያነሱ፣ ተጭኖ መያዝ ይበቃል። ሌሊት ጅብ የነከሰው ውሻ ላይ የሚታየው ቀዳዳ ትንሽ ቢመስልም፣ ከቆዳው ሥር ያለው ሥጋ ተቀዳዶ ሊሆን ስለሚችል ሳይመረመር መዋል የለበትም።

«አፉን ከፍቶ የሚያዝረበርብ ውሻ አጥንት ተሰንቅሮበት ነው።»

ሊሆን ይችላል፤ አጥንት የተሰነቀረበት ውሻ ብዙውን ጊዜ አፉን በመዳፉ ይቧጥጣል። ነገር ግን የእብድ ውሻ በሽታም የመንጋጋንና የጉሮሮን ጡንቻ ሽባ ሲያደርግ አፍ ተከፍቶ ይቀራል፣ ለሃጭም ይወርዳል፤ ውሻው የግድ የሚናከስ ወይም የሚሮጥ አይሆንም። ስለዚህ አጥንቱን አወጣለሁ ብሎ እጅን ወደ አፉ መስደድ ሕይወትን ሊያስከፍል ይችላል። የተነከሰ፣ የተቧጨረ ወይም ለሃጩ ቁስል የነካው ሰው ቦታውን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ይኖርበታል። የባህል መድኃኒት ክትባቱን አይተካም፤ የበሽታው ምልክት ሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

«ድመቱ እያማጠ ነው፤ ሆዱ ደርቆ ይሆናል።»

ወንድ ድመት ደጋግሞ ተቀምጦ እያማጠና እየጮኸ ጠብታ ሽንት ብቻ ከወጣው፣ ወይም ጭራሽ ካልወጣው፣ የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ይገድላል። ሕመሙን ለማስታገስ ተብሎ የሚሰጠው ፓራሲታሞልም የባሰ ነው፤ አንድ ባለ 500 ሚሊ ግራም ክኒን ድመትን ለመግደል ይበቃል።

«አፍንጫው ከደረቀ ታሟል።»

የአፍንጫ መድረቅ ብቻውን ምንም አይናገርም። የሚታየው ድድ ነው፦ በጣት ተጭነው ሲለቁት የነጣው ቦታ በ2 ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝ መልኩ ካልተመለሰ፣ ወይም ድዱ ነጭ ወይም ሰማያዊ ከሆነ፣ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። ያረፈ ውሻ በደቂቃ ከ10 እስከ 30 ጊዜ ይተነፍሳል። ይህንን እንስሳው ጤነኛ ሳለ ለምዶ ማወቅ ይጠቅማል።

«ዝግጅት ገንዘብ ላለው ነው።»

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ የክትባት ካርድ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ድመት የሚያስገባ ካርቶንና የእንስሳት ሐኪም ስልክ ቁጥር። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ በከተማው ውስጥ ሐኪሞችን ስለሚያሠለጥን፣ ጅማ በዚህ ረገድ ከብዙ ከተሞች ትሻላለች። ቢሆንም የትኛው ሐኪም በሌሊትና በበዓል ቀን ስልክ እንደሚያነሳ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። የታመመ ውሻ ለመጫን ፈቃደኛ የሆነ የባጃጅ ሹፌርም ቀደም ብሎ ቢታወቅ መልካም ነው፤ እኩለ ሌሊት ላይ በዚህ መደራደር ከባድ ነውና። ሕመም ያለበት ውሻ ባለቤቱንም ሊነክስ ስለሚችል አፉን በጨርቅ ማሰር ይቻላል፤ የሚያስመልስ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ከሆነ ግን ፈጽሞ አይታሰርም።