ስውርነት ምንድን ነው? የተሰወርከው ከዓይን ነው ከጆሮ?

እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ፣ ድርጊቱ መሳካቱን ዳይስ ወርውሮ በሚያውቅበት የጠረጴዛ ጨዋታ ላይ «ገጸ ባሕርዬ ስውር ነው፤ ማንም ሊያገኘው አይችልም፤ ዳይስ የምወረውረው ለምንድን ነው?» የሚለው አስተያየት ዘንድሮም አልቀረልንም። ከሥሩ ደግሞ አንዱ «እንዲህ ከሆነማ መደበቅ የሚባለው ችሎታ ለምን ተጻፈ?» ብሎ ይሳለቃል። ወንድሜ፣ መደበቅ የተጻፈው፣ ስውርነት የሚሸፍነው ዓይንን ብቻ ስለሆነ ነው።

ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ከባድ መኪና አይታይህም። ሞተሩ ሲያጓራ ግን ትሰማለህ፤ ጡሩምባ ሲነፋ የትኛው ጥምዝ ላይ እንደደረሰ ትገምታለህ፤ የጋለው ፍሬን ሽታም ይደርስሃል። ያለበት የሚጠፋህ ዳር ይዞ ሞተሩን ካጠፋ ነው። መደበቅ የሚባለው ይሄ ሞተር ማጥፋቱ ነው።

ከእነዚህ ጨዋታዎች ታዋቂው፣ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ በ2014 (እ.ኤ.አ.) በወጣው 5ኛ እትሙ ሁለቱን ለይቷቸዋል። ስውሩን የሚያጠቃ ሰው ሃያ ገጽ ያለውን ዳይስ ሁለቴ ወርውሮ ዝቅተኛውን ይይዛል፤ ስውሩ ሲያጠቃ ደግሞ ከፍተኛውን ይይዛል። ቦታው ግን በድምፅና በዱካ ይታወቃል። ቦታውን ለማጥፋት ስውሩ ተራው ሲደርስ ድርጊቱን መደበቅ ላይ አውሎ ዳይስ ይወረውራል፤ ውጤቱ የሚነጻጸረው ከ10 ሲደመር የሚፈልገው ዘበኛ የንቃት ጭማሪ ጋር ነው። ጭማሪው 3 ከሆነና የስውሩ ድምር 9 ከመጣ፣ ዘበኛው በቀጥታ ወደቆመበት ይሰነዝራል። በዳይሱ ይስተው ይሆናል፤ ቦታውን ግን አልሳተም።

አስማቶቹን ስታወዳድርም መጠየቅ ያለብህ የቱ ይበልጣል ብለህ አይደለም፤ የቱ ምኑን ይሸፍናል ብለህ ነው። ደረጃ 2 የሆነው የስውርነት አስማት ትኩረትህን ሳትለቅ ከያዝከው እስከ 1 ሰዓት ይቆያል፤ ካጠቃህ ወይም ሌላ አስማት ከጣልክ ይፈርሳል። የደረጃ 4ቱ ብታጠቃም አይፈርስም፤ ዕድሜው ግን 1 ደቂቃ ነው። «ዱካ ሳይተው ማለፍ» የሚባለው ማንንም ከዓይን አይሰውርም፤ በ30 ጫማ ውስጥ ላሉ ጓደኞችህ ሁሉ ለመደበቅ ውርወራ 10 ይጨምራል። ሲራመድ የሚንኳኳ ብረት ለባሽ ላለበት ቡድን እኔ ይህኛውን እመርጣለሁ። ጉም የሚፈጥረው የደረጃ 1 አስማት ደግሞ 20 ጫማ ራዲየስ ይሸፍናል። እዚህ ላይ ግን እንደ ሐረጎው ሹፌር አንተም አታይም፤ አንዳችሁም ሌላውን ስለማታዩ ከፍተኛውን የመያዙ ጥቅምና ዝቅተኛውን የመያዙ ጉዳት ተጣፍቶ ዳይሱ አንዴ ብቻ ይወረወራል።

(የዚሁ ጨዋታ የ2024ቱ ክለሳ ነገሩን አደባልቆታል። በእሱ፣ በቂ ከለላ ይዞ 15 ያመጣ ተደባቂ ራሱ «ስውር» የሚለውን ሁኔታ ያገኛል፤ ጠላት ሲያገኘው ወይም ከሹክሹክታ የበለጠ ድምፅ ሲያወጣ ያጣዋል። ስለዚህ ከመከራከርህ በፊት የምትጫወቱት በየትኛው መጽሐፍ እንደሆነ ተናገር።)

የልዕለ ኃያላን ጨዋታዎች ይህን ጉዳይ በዋጋ ነው የጨረሱት። ከእነሱ አንዱ በሆነው ሚውታንትስ ኤንድ ማስተርማይንድስ 3ኛ እትም ላይ መሰወር፣ ገጸ ባሕርይህን በምትሠራበት ነጥብ፣ በየስሜት ሕዋሱ ይገዛል፦ ከማየት ሙሉ በሙሉ መሰወር 4 እርከን ነው፤ እርከኑ በ2 ነጥብ ሲሰላ 8። መስማትን ለመጨመር 4 ነጥብ፣ ማሽተትን ለመጨመር ሌላ 4። ከመዳሰስ መሰወር አይሸጥም። 8 ከፍለህ ስታበቃ «ውሻው እንዴት አሸተተኝ?» ብለህ ከጨዋታው መሪ ጋር አትጨቃጨቅ፤ 4ቷን የቆጠብካት ራስህ ነህ።

ለጨዋታ መሪዎች አንድ ነገር፦ ተጫዋቹ የተደበቀውን ጠላት ገምቶ ባዶ ቦታ ቢመታ «ሳትክ» ብቻ በሉት። «እዚያ የለም» ካላችሁት ጠላቱ ዋጋ ከፍሎ የደበቀውን ቦታውን በከፊል በነጻ ገለጣችሁበት።