ከሰል ማቀጣጠል የማይፈቀደው የትኛው ቀን ነው?

ሜልበርንና ዙሪያዋ የምንኖር ብዙዎቻችን ሁለት ነገር እናደባልቃለን፦ «የእሳት አደጋ ወቅት» እና «ፍጹም የእሳት ክልከላ ቀን»።

ወቅቱ ረጅም ነው። ዝናብ ሲጠፋና ሣሩ ሲደርቅ በየማዘጋጃ ቤቱ ክልል ይታወጅና ወራት ይቆያል። ያለ ፈቃድ ገለባም ሆነ ቁጥቋጦ ማቃጠል ክልክል ነው። ለምግብ የሚሆን እሳት ግን ዙሪያው 3 ሜትር ከጸዳና ነፋሱ በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር ካላለፈ ይፈቀዳል።

ክልከላው ሌላ ነው። የሚቆየው 24 ሰዓት ነው፣ ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት። ክፍለ ግዛታችን ቪክቶሪያ በ9 ቀጠና ስለተከፈለች በሰሜን ምዕራብ ባለው ደረቅ ቀጠና፣ ማሊ (Mallee)፣ ታውጆ እኛ ጋ ላይታወጅ ይችላል። ክልከላው በታወጀበት ቀን ማንደጃ ጓሮ አውጥቶ ጀበና መጣድ አይቻልም፤ ለአንድ ስኒም ቢሆን። ገናና ጥምቀት ደግሞ የሚውሉት በዚሁ የሙቀት ወር ነው! የጋዝ ወይም የኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈቀዳል፤ ያውም ዙሪያው 3 ሜትር ጸድቶ፣ ቢያንስ 10 ሊትር ውሃ ወይም ከቧንቧ የተገጠመ የውሃ ጎማ አጠገቡ ሆኖ፣ አዋቂ ሰው ሳይለየው። እባካችሁ ከሰሉን ወደ ቤት አታስገቡት፤ ከከሰሉ የሚወጣው ሽታ የሌለው ጋዝ ተኝታችሁ ሳለ ይገድላል።

ይህን ያህል መጥበቁ አይግረማችሁ። ጥር 30 ቀን 2001 ዓ.ም. በዚሁ ክፍለ ግዛት በተነሳው ሰደድ እሳት 173 ሰዎች ሞተዋል። ጠዋት ከሰል ከማቀጣጠላችሁ በፊት የክፍለ ግዛቱን የአደጋ ማስጠንቀቂያ መተግበሪያ፣ ቪክ ኢመርጀንሲን (VicEmergency)፣ ከፍታችሁ የቀጠናችሁን ስም ፈልጉ። ሜልበርን «ማዕከላዊ» በሚለው ውስጥ ናት።