«ቲቸር፣ ነጋቲቩ ይጣላል!» እና ሌሎች የሎጋሪዝምና የትሪጎኖሜትሪ ስህተቶች

ሒሳብ አስጠናለሁ። የሎጋሪዝም ኢኩዌሽን ሰሌዳ ላይ ፈትቼ ሁለት መልስ ሲወጣና አንዱ ነጋቲቭ ሲሆን፣ ጠመኔውን ሳላስቀምጥ ከኋላ ድምፅ ይመጣል፦ «ቲቸር፣ ነጋቲቩ ይጣላል!» ተማሪው ይቀያየራል፣ ድምፁ ግን ያው ነው። ጆሮዬ ሰለቸው።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም። እዚህ ሎግ ስል ቤዙ 10 ነው፤ ማለትም የአንድ ቁጥር ሎግ፣ 10 ስንት ፓወር ሲደረግ ያንን ቁጥር ይሰጣል የሚለው ነው።

«የድምር ሎግ የሎጎች ድምር ነው።» አይደለም። ሎግ 2 ሲደመር ሎግ 3 ሎግ 6 ነው እንጂ ሎግ 5 አይደለም። በቃ።

«ሎግ ኤክስ² እና 2 ሎግ ኤክስ አንድ ናቸው።» ኤክስ ፖዘቲቭ ሲሆን ብቻ። ሎግ ኤክስ² = 2 ሲባል 10ም −10ም መልስ ናቸው። 2ቱን ቸኩሎ ወደ ፊት ያመጣ ተማሪ −10ን ሳያየው ያጣዋል።

ወደ ዋናው እንምጣ፦ «ነጋቲቭ መልስ ይጣላል።» የነጋቲቭ ቁጥር ሎግ የለም፣ ይሄ ልክ ነው። ግን ነጋቲቭ መሆን የሌለበት ኤክስ አይደለም፤ ቅንፉ ውስጥ ያለው ነገር በጠቅላላ ነው። ይህችን ጥያቄ ተመልከቱ፦

ሎግ (1 − ኤክስ) + ሎግ (4 − ኤክስ) = 1

ሎጎቹን ስናዋህዳቸው (1 − ኤክስ)(4 − ኤክስ) = 10 ይሆናል። ሲባዛና ሲስተካከል ኤክስ² − 5ኤክስ − 6 = 0። ፋክተር ስናደርገው 6 ወይም −1።

የኋላው ልጅ −1ን ሰርዞ 6ን ያከብባል። እስቲ 6ን መነሻው ላይ እናስገባው። 1 − 6 = −5። የ−5 ሎግ? ወፍ የለም። −1ን እናስገባ፦ ሎግ 2 + ሎግ 5 = ሎግ 10 = 1። ልክ መጣ። ልጁ የሰረዘው ትክክለኛውን ነው። ምርጫ ባለው ፈተና ላይ ደግሞ 6 ብቻውን አንዱ ፊደል ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል፤ ፈተና አውጪዎችም ይህን ልጅ በደንብ ያውቁታል።

6 ታዲያ ከየት መጣ? −5 በ−2 ሲባዛ 10 ነው። ሁለት ነጋቲቮች ተባዝተው ፖዘቲቭ ሆኑና ተደበቁ። ስሌቱ ላይ አንድም ስህተት የለም። «በጥንቃቄ ከሠራሁ ቼክ ማድረግ አያስፈልገኝም» የሚሉኝን ጎበዞች የምቆጣው ለዚህ ነው። እዚህ ላይ ቼክ ማድረግ የአፈታቱ አንድ ክፍል ነው።

ቼክ የሚያደርጉትም ቦታ ይሳሳታሉ። ደብተሯ የሚያስቀና ተማሪ ነበረችኝ፤ ሁሌ ቼክ ታደርጋለች፣ ግን ኳድራቲኩ (ኤክስ² − 5ኤክስ − 6 = 0) ላይ። 36 − 30 − 6 = 0፣ ራይት! 6 ኳድራቲኩን ማሟላቱማ ምን ይገርማል፣ የወጣው ከዚያው ነው። ማስገባት ያለባችሁ ጥያቄው እንደተሰጠ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው።

ትሪጎኖሜትሪ ላይ ደግሞ «ሁለቱም ጎን ያለውን ማጣፋት ይቻላል» የምትል አለች። ከ0 እስከ 360 ዲግሪ ሳይን 2ኤክስ = ኮሳይን ኤክስን ፍቱ ሲባል፣ ግራውን 2 ሳይን ኤክስ ኮሳይን ኤክስ ብለው ይጽፉና ኮሳይኑን በሁለቱም ጎን ያጠፉታል። ሳይን ኤክስ = ½ ይሆንና 30 እና 150 ይቀራሉ። 90 እና 270 የት ሄዱ? እዚያ ላይ ኮሳይን ዜሮ ነው፤ በዜሮ አካፍላችኋል ማለት ነው። እዚህ ቼክ ማድረግም አያድናችሁም። ቼክ ትርፍ መልስ ያስወግዳል እንጂ የጠፋ አይመልስም። ሁሉን ወደ አንድ ጎን አምጡና ፋክተር አድርጉ።

ሁለቱን ጎን ስኩዌር ካደረጋችሁ ግን ቼክ ግዴታ ነው። ሳይን ኤክስ + ኮሳይን ኤክስ = 1 ስኩዌር ሲደረግ 180ንም 270ንም ያመጣል። ሁለቱም መነሻው ላይ ሲገቡ −1 ይሰጣሉ፤ ይሰረዛሉ።

«ካልኩሌተሩ 30 ካለ 30 ነው።» ካልኩሌተር የሳይን ኢንቨርስ ሲጠየቅ አንድ ማዕዘን ብቻ ነው የሚሰጠው። 150ን ፈልጋችሁ የምታመጡት እናንተ ናችሁ። ሳይን 30 ብላችሁ −0.988 ካሳያችሁ ደግሞ ማሽኑ አልተበላሸም፤ ራዲያን (ሌላው የማዕዘን መለኪያ) ላይ ነው ያለው፣ ወደ ዲግሪ መልሱት።